ኤደልሚራ ሱልካ የማትሸጠው ማሽን

በሊማ ከተማ፣ በዊልሰን ጎዳና ካሉት የኮምፒውተር ሕንፃዎች በአንደኛው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ገዢ እየመለሰች ሃያ ዓመት የኖረች ሴት አለች። ኤደልሚራ ሱልካ ትባላለች። ሌላው ባለሱቅ ከደረጃው ሥር ደንበኛ የሚያመጣለት ጎታች ይቀጥራል። ጎታቾቹ "ላፕቶፕ፣ ፕሪንተር፣ ጥገና፣ ምን ልፈልግልዎት እመቤቴ?" እያሉ የሰው ክንድ ይዘው ይወጣሉ። እሷ ጎታች የላትም። ራሱ ፈልጎ የመጣውን እንኳ ግማሹን "ይሄ ላንተ አይሆንም" ብላ ትሸኘዋለች። እኔ ፊት ለፊቷ ኬብልና ቻርጀር ስለምሸጥ ይህን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ወደዚህ ስመጣ ሴትዮዋ ሱቁን ልትዘጋው የፈለገች መስሎኝ ነበር።

ኤደልሚራ አጭር ናት። የገበያ ሴቶች የሚያሸርጡትን ባለ ሁለት ኪስ ሽርጥ ታደርጋለች፤ በአንዱ ኪስ ካቻቢቴ፣ በሌላው መጥረጊያ ብሩሽ ይቀመጣል። ብሎኖቿን በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ውስጥ በየዓይነታቸው ለይታ ታኖራለች። ማንም ካርቶኑን ከነካ ትቆጣለች። በሌላ ነገር ስትቆጣ አላየሁም።

ከአያኩቾ ተራሮች፣ ፑካሩሚ ከምትባል መንደር ተነሥታ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሊማ ስትገባ ኮምፒውተር በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። በዚሁ ጎዳና ላይ ባዶ ሲዲ ጨርቅ ላይ ዘርግታ መሸጥ ጀመረች። ፖሊስ ሲመጣ ጨርቁን በአራት ጫፉ ሰብስባ ትሮጣለች። አንድ ቀን ሩጫው ወደ ሕንፃው ውስጥ አስገባትና ከአንድ ጥገና ሱቅ ጠረጴዛ ሥር ተደበቀች። ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ አያትና "እዚያ ሥር ከሆንሽ አይቀር፣ የወደቀችብኝን ብሎን ፈልጊልኝ" አላት። አገኘችለት። በማግስቱ ብሎን ሳይወድቅበት ጠራት። እንዲህ ገባች። ማንም አላስተማራትም፤ ተበላሽቶ የመጣውን ሁሉ እየፈታች፣ ለምን እንደ ተበላሸ እየጠየቀች፣ ራሷን አስተማረች። ከጥቂት ዓመት በኋላ የራሷን ሱቅ ከፈተች።

ገዢ መመለስ የጀመረችው ሱቅ በከፈተች በሁለተኛው ዓመት ነው። ኮማስ ከሚባል ሰፈር የመጣ አንድ የኢንተርኔት ቤት ባለቤት "ልጆቹ ጌም የሚጫወቱበት፣ ባንክ ቤት የሚገባውን ዓይነት ትልቅ ማሽን ሥሪልኝ" አላት። ሁለት ፕሮሰሰር፣ ማለትም ሁለት አንጎል፣ ያለውን፣ በጊዜው ያለ የሌለውን ዋጋ የሚያወጣውን ሠራችለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዴት እንደሆነ ልታይ ኮማስ ሄደች። ትልቁ ማሽን መጋረጃ ተደርጎለት ጥሩው ቦታ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ልጆቹ ርካሾቹን አሮጌ ማሽኖች ለመያዝ ተሰልፈዋል። ትልቁ ላይ ጌሙ ይንገጫገጫል። ሰውየው አልተቆጣም። "አንቺ ምን ታደርጊ፣ እኔ ነኝ የጠየቅሁሽ" ብሎ ሻይ ጋበዛት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ለጌም ብሎ ትልቁን የሥራ ማሽን፣ ወርክስቴሽን የሚሉትን፣ ለሚጠይቃት ሁሉ መልሷ አንድ ሆነ። "አልሸጥልህም። ገንዘብህ ዓይን በማያየው ቦታ ይቀራል።" በዊልሰን ጎዳና የኤደልሚራ ቃል መሬት አይወድቅም ይባል ጀመር።

ባለፈው ሰኔ፣ ሰማዩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጣሪያችን ላይ በተኛበት ሰሞን፣ ቃሏን የሚፈታተን ነገር ከገዛ አገሯ ሰዎች መጣ።

የፑካሩሚ ተወላጆች በሳን ኹዋን ሰፈር ማኅበርና አዳራሽ አላቸው። ከማኅበሩ ልጆች አንዷ፣ ሚሌንካ የምትባል የሃያ ዓመት ወጣት፣ አምስት ለአምስት ሆነው በሚገጥሙት የኮምፒውተር ጨዋታ የአንድ ቡድን አለቃ ናት። ቡድኗ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ፍጻሜውን የሚጫወቱት ከአዳራሹ ነው። ማኅበሩ ተደሰተ። እሑድ ሙሉ ዶሮ ተጠብሶ፣ ትኬት ተሸጦ፣ ለሚሌንካ ማሽን የሚገዛበት ገንዘብ ተሰበሰበ። የጎደለውን ሊሞሉ የስጦታው አባት ሆነው የተመረጡት የአውቶቡስ ባለቤቱ ዶን አቡንዲዮ ኛዊ ናቸው።

በዚህ ማኅበር የስጦታ አባት መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ስጦታው በጥሩንባና በከበሮ ታጅቦ፣ በሰፈሩ መንገድ በትከሻ ተይዞ ወደ አዳራሹ ይገባል። ሰው ከመንገዱ ዳር ሆኖ ክብደቱን በዓይኑ ይመዝናል። ቀላል ዕቃ ይዞ የገባ አባት ስሙ ለዓመት ይነሣል። ካቻምና አንዱ የስጦታ አባት ባለ ስምንት ዓይን የምግብ ቤት ጋዝ ምድጃ ሰጥተው ነበር፤ ስድስት ሰው ተሸክሞ አስገባው። የአዳራሹ የጋዝ መስመር ሁለቱን እንኳ ማቀጣጠል ስላልቻለ፣ ዛሬ ላዩ ላይ ወንበር ይደረደርበታል።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ሦስቱ መጡ፤ ዶን አቡንዲዮ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ዶኛ ሳቱርኒና፣ ከኋላ ደግሞ ሚሌንካ።

"ኤደልሚራ፣ ትልቁን አምጪ" አሉ ዶን አቡንዲዮ ገና ሳይቀመጡ።

"እንደምን ዋሉ ዶን አቡንዲዮ። የትኛውን ትልቅ?"

"ትልቁን ነዋ! ፊልም ሠሪዎች የሚይዙትን። ሠላሳ ሁለት ምናምን ያለውን።"

"ሠላሳ ሁለት ኮር።"

"እሱን። የጎደለውን እኔ አለሁ።"

"ለሚሌንካ ጨዋታ ነው?"

"ለማን ሊሆን ነው፣ ለዶሮዎቼ?"

"እንግዲያው አልሸጥልዎትም።"

ዶኛ ሳቱርኒና ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት። "አልኳችሁ! ይቺ ልጅ የአገሯ ሰው ከፍ ሲል አትወድም። ለባዕድ ስትሸጪ እጅሽ አይያዝም፤ እኛ ስንመጣ ነው ትንሿ ዕቃ ትዝ የምትልሽ?"

"ለባዕድም አልሸጥም እትዬ። ይህን ልጅ ይጠይቁት" አለች ወደ እኔ በአገጯ እየጠቆመች።

"እውነት ነው፤ ትናንት ብቻ ሁለት ሰው መልሳለች" አልኩ።

"አንተ ኬብልህን ሽጥ!" አሉኝ ዶኛ ሳቱርኒና።

ኤደልሚራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ዶን አቡንዲዮ ዞረች። "አውቶቡስዎ ስንት ሰው ይጭናል?"

"ስልሳ። ሲመሽ ሰማንያ።"

"አንድ ሰው ብቻውን፣ ሚስቱ ሆስፒታል ምጥ ይዟት፣ ቶሎ አድርሱኝ ቢልዎት በአውቶቡሱ ነው በሞተር?"

"ሰውየው ክብር ያለው ከሆነ፣ በአውቶቡሱ!"

መተላለፊያው በሳቅ ተሞላ። ጎረቤት ባለሱቆች ሥራቸውን ጥለው መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ኤደልሚራም ሳቀች፣ ግን አልተወችም። "ጨዋታ የሚቸኩል አንድ ተሳፋሪ ነው። ጥቂት ኮሮች፣ ግን ፈጣን የሆኑ፣ ይበቁታል። ትልቁ ማሽን ሠላሳ ሁለት ሠራተኛ አለው፤ አብዛኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ነው የሚቆሙት። የቀሩት ደግሞ ከትንሹ ይልቅ ዝግ ይላሉ።"

ዶን አቡንዲዮ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የዋዛ ሰው አይደሉም፤ ጎማ ሲገዙ ጎማውን በጥርሳቸው የሚነክሱ ሰው ናቸው። "ጥሩ። አንቺ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ፣ በገዛ ዓይንሽ ለክተሽ ታውቂያለሽ?"

ኤደልሚራ የብሎን ካርቶኗን ወደ ራሷ ሳበች።

"ጠየቅሁሽ እኮ፣ የአገሬ ልጅ።"

"አላውቅም" አለች።

ሳቁ ቆመ። የኮማሱን ሰውዬ ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ያ ማሽን ዛሬ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮሰሰር ስንት ጊዜ ተለወጠ! ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው የምትመልስበት ቃል፣ አንድ ቀን ባየችው ነገር ላይ የቆመ ነበር።

"ሐሙስ ይምጡ" አለች በመጨረሻ። "ሁለቱንም እዚህ ጠረጴዛ ላይ አቆማቸዋለሁ። ከተሸነፍኩ በማኅበሩ ስብሰባ ተነሥቼ 'ሃያ ዓመት ሰው ስመልስ የኖርኩት በወሬ ነው' እላለሁ። ትልቁንም ያለ አንዲት ሳንቲም ትርፍ እሠራላችኋለሁ።"

"ሰማችሁ?" አሉ ዶኛ ሳቱርኒና ለተሰበሰበው ሰው። "ምስክሮች ናችሁ!"

ሲሄዱ ሚሌንካ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ኤደልሚራን "እትዬ፣ እባክሽ አትሸነፊ። እንደ ምድጃው እንዳይሆን" አለቻት።

ረቡዕ ምሳ ስንበላ ኤደልሚራ ሩዙን በማንኪያ ታገላብጣለች እንጂ አትጎርስም። ለአንዲት ፋቢዮላ ለምትባል አርክቴክት የሠራችው ሠላሳ ሁለት ኮር ያለው ማሽን ተጠናቆ ግድግዳው ጥግ ቆሟል፤ ሐሙስ ነው የሚወሰደው። ደውላ ስታስፈቅዳት "ነገ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ያሻሽን አድርጊበት" ብላታለች።

"ዛሬ ለምን አትሞክሪውም? ውጤቱን አውቀሽ ብትጠብቂያቸው አይሻልም?" አልኳት።

"ካየሁት በኋላ ብሸነፍ ምን አደርጋለሁ? ስልክ ደውዬ አትምጡ ልል ነው?" ማንኪያውን አስቀመጠች። "እነሱ በማያዩት ሰዓት ከለካሁት፣ ነገ የማሳያቸው ቲያትር ነው። አብሬያቸው ነው የማየው።"

ያን ጊዜ ነው ይህችን ሴት ያወቅኋት የመሰለኝ። ብዙ ሰው ትክክል መሆንን ይወዳል፤ እሷ ግን ብትሳሳት እንኳ ሰው ፊት መሳሳትን መርጣለች።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ መተላለፊያው ሰው አላሳልፍ አለ። ዶን አቡንዲዮ የተቀቀለ በቆሎ ከአይብ ጋር ይዘው፣ እኔ ያቀረብኩላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በጠረጴዛው በግራ የአርክቴክቷ ማሽን፣ በቀኝ ኤደልሚራ ለጨዋታ የምትሠራው ስምንት ኮር ያለው ትንሽ ማሽን፣ ሁለቱም ጎናቸው ተከፍቶ ቆመዋል።

"ግራፊክስ ካርዱ፣ ምስሉን የሚሥለው፣ አንድ ነው" አለች ካርዱን ከፍ አድርጋ እያሳየች። "ይችኑ ከአንዱ ነቅዬ ሌላው ላይ እሰካለሁ። 'ካርዱ በልጦ ነው' እንዳትሉኝ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የምታዩት ቁጥር ማሽኑ በአንድ ሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያወጣ ነው። ሲበዛ ጥሩ ነው። ሲዋጉ ካልወረደ ደግሞ የበለጠ ጥሩ።"

ከትልቁ ጀመረች። ማብሪያውን ተጫነች፤ ማራገቢያዎቹ አጓሩ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ።

"ሞተ እንዴ?" አሉ ዶን አቡንዲዮ በበቆሎ በተሞላ አፍ።

"ሜሞሪውን እየፈተሸ ነው። ብዙ ስለሆነ ጊዜ ይወስድበታል።"

"እኔ ተሳፋሪ እንዲህ አላስጠብቅም!"

"ኧረ ይዋሻሉ!" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። "ባለፈው ቅዳሜ አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ አቁመውኛል!"

ሳቁ ሳያልቅ ስክሪኑ በራ። ሚሌንካ ተቀመጠችና ተቀርጾ የቀረ የቡድኗን ውጊያ ከፈተች፤ ያው ውጊያ በሁለቱም ማሽኖች ላይ እንዲታይ። ቁጥሩ መቶ ሰባ፣ መቶ ሰባ አምስት አለ። አሥሩ ተዋጊዎች አንድ ላይ ሲገጥሙ ወደ መቶ አሥር ወረደ። ዶኛ ሳቱርኒና በትልቁ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ኤደልሚራ ፊቷ አይነበብም፤ ካርዱን ስትነቅል ግን ጣቶቿ ከወትሮው ዘገዩ።

ትንሹ ወዲያው ተነሣ። ሚሌንካ ያንኑ ውጊያ ከፈተች። ሁለት መቶ አርባ። አሥሩ ሲገጥሙ መቶ ሰማንያ አምስት።

መተላለፊያው በጩኸት ተናጋ። የፕሪንተር ቀለም የሚሞላው ጎረቤታችን ጠረጴዛውን ደበደበ። ኤደልሚራ ብቻ እጇን አነሣች። "ቆዩ፣ አላለቀም።"

"አዎ አላለቀም!" አሉ ዶኛ ሳቱርኒና። "ይሄ ፍጥነት ብቻ የሚፈልግ ጨዋታ ነው። የሚያምረውን ክፈቱ፤ ተራራና ዝናብ ያለበትን። እዚያ ላይ ነው ትልቅነት የሚታየው።"

ተከፈተ። የምስሉ ጥራት እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ፣ በትልቅ ስክሪን። በትንሹ ሰባ ሁለት። ካርዱ ተዛወረ፤ እንደገና ያ ረጅም ጥበቃ፤ በትልቁ ሰባ አንድ። ማንም ቁጥሩን ሳይናገር ኤደልሚራ ቀደመች።

"እኩል ናቸው" አለች፣ ከኋላ ያለውም እንዲሰማ ጮክ ብላ። "እዚህ ላይ ሥራው ሁሉ የካርዱ ነው። ፕሮሰሰሩ ትልቅ ሆነ ትንሽ፣ ካርዱን ነው የሚጠብቀው።"

"እኩል ከሆነ ትልቁ ይሻላል!" አሉ ዶኛ ሳቱርኒና። "ቢያንስ ግርማ አለው።"

"በዋጋ ሦስት እጥፍ ነው እትዬ። ሁለት አውቶቡስ እኩል ሰዓት ሁዋንካዮ ቢገቡ፣ አንደኛው ሦስት እጥፍ ቢያስከፍል፣ በየትኛው ይሳፈራሉ?"

ዶኛ ሳቱርኒና ወደ ዶን አቡንዲዮ ዞር ብለው አዩ። "ውዱ የሳቸው ከሆነ በርካሹ!"

ዶን አቡንዲዮ ራሳቸው ሳቁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉ ሰው ናቸው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን በቆሎውን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡና የትልቁን ማሽን ብረት በጉልበተኛ እጃቸው ዳሰሱት። "ታዲያ ይሄ ማታለያ ዕቃ ነው በይኛ። ለምን ይሠሩታል?"

ኤደልሚራ ቀና አለች። ያን ዕለት ሙሉ እንደዚያ ስትቆም አላየኋትም። "ይሄን ማሽን ሲሰድቡት አልሰማም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት" አለች።

ፋቢዮላ ማሽኗን ልትወስድ ደርሳ ከሰዉ መሃል ቆማ ነበር። ኤደልሚራ ጠራቻት። አርክቴክቷ የአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ንድፍ ከፍታ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ስትተኛ የሚያሳየውን ምስል እንዲሠራ አዘዘችው። ሠላሳ ሁለቱም ኮሮች ተነሡ። በሰባት ደቂቃ አለቀ። ያንኑ ሥራ ትንሹ ላይ አስጀመሩት፤ በሰባተኛው ደቂቃ ገና ሩቡ ላይ ነበር።

"እኔ በቀን ሃያ እንዲህ ያለ ምስል አወጣለሁ" አለች ፋቢዮላ። "ይሄ ማሽን እንጀራዬ ነው። ወንድሜ ግን ለጌም ልግዛው ብሎ መጥቶ እሷ መለሰችው፤ ሳምንት ሙሉ ሰድቧታል።"

"ሰድቦኛል?" አለች ኤደልሚራ።

"አሁን በሠራሽለት ሲጫወት ያድራል፤ ተይው።"

ነገሩ ተፈርዷል ብዬ ነበር። ዶን አቡንዲዮ ግን ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ "ይሁን። ገባኝ። ታዲያ እኔ ምን ተሸክሜ ልግባ? ይቺን ቅርጫት? ሰፈሩ ምን ይለኛል?" አሉ።

ማንም አልሳቀም። የመጡት ለካ ለዚህ ነበር። ኮር ብሎ ነገር አልነበረም በልባቸው።

ሚሌንካ ያን ጊዜ አፏን ከፈተች። "ሦስት" አለች።

"ምን ሦስት?"

"ዶን አቡንዲዮ፣ ከአምስታችን የራሳቸው ማሽን ያላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። እኔና የቀሩት ሁለቱ በኪራይ ነው የምንለማመደው፤ ልንጫወት ስንል ሰዓታችሁ አለቀ ይሉናል። በትልቁ ዋጋ ከነዚህ ሦስት ይወጣል። ከፍጻሜው በኋላ አዳራሹ ውስጥ ይቀራሉ፤ ለማኅበሩ ልጆች ሁሉ።"

ዶን አቡንዲዮ ጣታቸውን አነሡ። "ሦስት ዕቃ። በሰልፍ። አንዱ ካንዱ ኋላ።" ትንሽ አሰቡ። "የሦስቱም አባት እኔ ነኝ?"

"ሌላ ማን አለ!" አሉ ዶኛ ሳቱርኒና። "ግን አንዷን እኔ ነኝ የምይዛት። ስንት ዶሮ ጠብሻለሁ!"

ኤደልሚራ እነሱ ሲከራከሩ ካርዱን ነቅላ በፕላስቲኩ ውስጥ ከተተች። የአርክቴክቷን ማሽን ጎን በአራት ብሎን ዘጋች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ስለነበር ሌላው አላየውም፤ እኔ ግን በጎን በኩል አየኋት፣ ለብቻዋ ፈገግ ብላ ነበር።

ቅዳሜ ሰልፉን ለማየት ሳን ኹዋን ሄድኩ። ጥሩንባው ከፊት፣ ሚሌንካና ቡድኗ ከኋላ። ዶን አቡንዲዮ ቀላሉን ማሽን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ጎብጠው ተሸክመው፣ ላግዝዎ ያለውን ሁሉ በክርናቸው ይገፋሉ። ዶኛ ሳቱርኒና ሁለተኛውን እንደ ታቦት ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። ሦስተኛውን ለማን እንደሚሰጡ ሲከራከሩ ዶን አቡንዲዮ "የሠራችው ትያዘው" ብለው ነበር፤ ኤደልሚራ ሽርጧን አውልቃ፣ ሐር መሳይ ሸሚዝ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አንዲት ሴት ከመንገዱ ዳር "ይሄ ነው እንዴ ትልቁ ማሽን?" ስትላት "አይደለም እመቤቴ፤ ትክክለኛው ነው" አለቻት ሳትቆም።

ፍጻሜው እሑድ ከቀትር በኋላ ነበር። ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ፤ የትሩሂዮ ቡድን በለጠው። ግን በሦስተኛው ዙር መሃል አሥሩ ተዋጊዎች አንድ ላይ የተጋጠሙበት፣ ስክሪኑ በእሳትና በመብረቅ የተሞላበት ሰዓት ነበር። አዳራሹ ቆሞ ይጮሃል፤ ሁሉም ሚሌንካን ነው የሚያየው። ሁለት ሰዎች ብቻ ከጥግ ሆነው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ያያሉ።

"አልወረደም" አሉ ዶን አቡንዲዮ።

"አልወረደም" አለች ኤደልሚራ።